ትንሿን ካታማራን በተሳቢ ስትጎትቱ፦ ከጀልባዋ በፊት ጎማውን እዩ

ከሦስት ሰመር በፊት ነው። ቅዳሜ ማለዳ ከዋሽንግተን ወደ አናፖሊስ በሚወስደው ሩት 50 ላይ እየነዳሁ ነበር። ከኋላዬ ተሳቢ አለ፤ ተሳቢው ላይ ሆቢ 16 የምትባለው፣ በሸራና በነፋስ የምትሄደው ትንሿ ካታማራኔ ታስራለች። አንድ ሾፌር በግራዬ ደረሰና ክላክስ አደረገ። መስኮቱን አውርዶ ወደ ኋላ ጠቆመኝ። በስፖኪዮ ሳይ ከቀኝ ጎማው ጭስ ይወጣል።

ዳር ይዤ ቆምኩ። ወርጄ ስጠጋ የተቃጠለ ግራሶ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጎማውን ያለ ፍትጊያ የሚያዞረው ኩሽኔታ አልቆለታል። ጀልባዋ ግን ምንም አልሆነችም። ማሰሪያዎቹ ጠዋት እንዳጠበቅኳቸው ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ስጨነቅ የከረምኩት ስለ አስተሳሰሯ ነበርና በዚያ በኩል የጎደለ ነገር አልነበረም። ጎማውን ግን አንዴ እንኳ ጎንበስ ብዬ አላየሁትም።

ተሳቢውን አስጭኜ አሌክሳንድሪያ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ ሐበሻ መካኒክ ወሰድኩት። አገር ቤት ሳሉ የከባድ መኪና ተሳቢ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ሞዞውን፣ ማለትም ጎማው የሚታሰርበትንና ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን የመሃል ብረት፣ ሲከፍቱት ውስጡ ቡናማ ጭቃ የመሰለ ነገር ሞልቶታል። በጣታቸው ቆንጠር አድርገው አሳዩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ግራሶ ይመስልሃል?»

«አይ ጋሼ፣ ምንድን ነው?»

«ውሃና ዝገት ነው። ባሕር ስታስገባው ትኩስ ነበር አይደል?»

ትኩስ ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ሰዓት ነድቼ ደርሼ፣ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳላሳርፈው፣ ተሳቢውን እስከ ጎማው ድረስ ውሃ ውስጥ ከትቼው ነበር። የጋለ ሞዞ ውስጥ ያለው አየር የተለጠጠ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ይሰበሰባል። ሲሰበሰብ ደግሞ ሞዞውን ከኋላ በሚደፍነው የላስቲክ ቀለበት፣ በጎሚኒው በኩል ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ከዚያ በኋላ ዝገቱ ሥራውን ቀስ ብሎ ይሠራል። እኔ ቤቴ ተኝቼ ኩሽኔታው ይበላል ማለት ነው።

አሁን በዚህ አካባቢ ጀልባ የጀመሩ ወዳጆች ሲጠይቁኝ ወሬዬን የምጀምረው ከጎማ ነው። ከዚያ በፊት ግን ስለ ጀልባዋ ትንሽ ልበል።

ካታማራን ሁለት ቀጫጭን ቀፎዎች ጎን ለጎን ሆነው በአግዳሚ ብረት የተያያዙባት ጀልባ ናት። በመሃላቸው ጠንካራ ሸራ ተወጥሯል፤ ሰው የሚቀመጠው እዚያ ላይ ነው። ሆቢ 16ን ያወጣት ሆቢ አልተር የሚባል የካሊፎርኒያ ሰው ነው። ከዚያ በፊት የሚታወቀው ማዕበል ላይ መንሸራተቻ ሰሌዳ በመሥራት ነበር። ከ1970 አካባቢ ጀምሮ ከ100 ሺህ በላይ ሆቢ 16 ተሠርቷል። ስለዚህ ያገለገለች በርካሽ ማግኘት አይከብድም። ብዙ ጊዜም የምትሸጠው ከነተሳቢዋ ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ገዢው ጀልባዋን አገላብጦ ያያል። ተሳቢው ምርቃት ይመስለዋል። ያ ምርቃት ደግሞ ሃያ ዓመት ግቢ ውስጥ ቆሞ የከረመ ሊሆን ይችላል።

ጀልባዋ 145 ኪሎ ገደማ ናት። አንድ ኩንታል ተኩል አትሞላም። ተሳቢውና ዕቃው ሲጨመር አብዛኛውን ጊዜ ከ350 እስከ 400 ኪሎ ቢሆን ነው። ለመኪና ይህ ምንም አይደለም። ስትነዱ ከኋላ መኖሯን ትረሳላችሁ፤ የሚያዘናጋውም ይሄ ነው። ክብደቷ ቀላል ቢሆንም ርዝመቷ 5 ሜትር ነው። ስፋቷ 2.41 ሜትር ነው፤ ከብዙ መኪኖች በግማሽ ሜትርና ከዚያም በላይ ይሰፋል። ሸራዋ የሚሰቀልበት ምሰሶ ደግሞ 8 ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ አነስ ያለ አውቶቡስ የሚያህል ነገር በሁለት ትንንሽ ጎማ እየጎተታችሁ ነው ማለት ነው።

እስቲ ጎማዎቹን እንያቸው። በብዙ የድሮ ተሳቢዎች ላይ የምታገኙት 8 ኢንች ቸርኬ ያለው ትንሽ ጎማ ነው። ዙሪያ ገባው 1.3 ሜትር ገደማ ነው። የመኪናችሁ ጎማ ዙሪያ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። በሰዓት 65 ማይል ስትነዱ የመኪናው ጎማ በደቂቃ 870 ጊዜ ያህል ይዞራል። የተሳቢው ግን 1,340 ጊዜ ያህል ይዞራል። እናንተ ዘና ብላችሁ እየነዳችሁ ያቺ ትንሽ ኩሽኔታ ግን እየሮጠች ነው። ብዙዎቹ የድሮ ዓይነት የተሳቢ ጎማዎች ደግሞ ከ65 ማይል በላይ እንዲሄዱ አልተሠሩም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ተሳቢ የሚጎትት መኪና ከ55 ማይል በላይ እንዲነዳ ሕጉ አይፈቅድም። እኔ የምኖረው ሌላ ስቴት ቢሆንም ያችን 55 እንደ ራሴ ሕግ ይዣታለሁ። ከአንድ ሰዓት መንገድ ላይ የምታጠፋው አሥር ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው።

የተሳቢ ጎማ እንደ መኪና ጎማ ተነድቶ አያልቅም። የሚሞተው ቆሞ ነው። ጥርሱ አዲስ ይመስላል፤ ጎኑ ግን ፀሐይ በልቶት ተሰነጣጥቋል። ዕድሜውን ማወቅ ቀላል ነው። ጎኑ ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ባለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። አምስት ስድስት ዓመት ያለፈውን እኔ ረጅም መንገድ አላወጣውም። ነፋሱም እንደ መኪናው አይደለም። የመኪና ጎማ በነፋስ ግፊት መለኪያው 35 ፒኤስአይ አካባቢ ይይዛል። እነዚህ ትንንሾቹ 60፣ አንዳንዶቹም 90 ይፈልጋሉ። ልኩ ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ በእግር ረግጦ መገመት አይሆንም። የጎደለ ጎማ እየተጣጠፈ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ይፈነዳል።

ኩሽኔታውን ለማየት ተሳቢውን በክሪክ አንሱ። ጎማውን በእጃችሁ አዙሩትና አዳምጡ። ዝም ብሎ መዞር አለበት። የሚያንኮሻኩሽ ወይም የሚያፋጭ ድምፅ ካለ ይከፈት። ቀጥሎ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ግፉና ሳቡ። ሲላወስ በግልጽ ከተሰማችሁ ወይ ዳዶው ላልቷል ወይ ኩሽኔታው ተበልቷል። በዓመት አንዴ፣ ጨው ውሃ ከነካው ደግሞ ቶሎ ቶሎ፣ ተከፍቶ ይታጠብና አዲስ ግራሶ ይሞላ። ጎሚኒውም አብሮ ይቀየር፤ ዋጋው ኢምንት ነው።

ከቤት ስትወጡ ከ15 ወይም 20 ደቂቃ በኋላ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። የእጃችሁን ጀርባ ሞዞው ላይ አስጠጉ። ለብ ማለቱ ጤና ነው። እጅ የማያስነካ ከሆነ ጉዞው እዚያ ያበቃል። ሁለቱ ጎማዎች በሙቀት ከተለያዩም ጠርጥሩ። በዚያው የቸርኬውን ዳዶዎች በቁልፍ ሞክሯቸው፤ በተለይ ጎማው በቅርቡ ተፈትቶ ከነበረ።

ስኮርታ ያዙ። ብዙ ሰው ስኮርታ ይይዝና ሌላውን ይረሳል። የመኪናው ክሪክ ለዝቅተኛው ተሳቢ ላይመች ይችላል። የመኪናው ቁልፍም የተሳቢውን ዳዶ ላይፈታ ይችላል። ይህን ቤት ደጃፍ ላይ ሞክሩት፤ ሃይዌይ ዳር መሞከሪያ ቦታ አይደለም። እኔ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አንድ ሙሉ ሞዞ ከነኩሽኔታው፣ ግራሶ ተሞልቶ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይዤ ነው የምሄደው። መንገድ ላይ ከተበላሸ ኩሽኔታ መግጠም አይጠበቅብኝም፤ ያንኑ ከነነፍሱ እቀይረዋለሁ።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። እዚህ ላይ ሰው ሲሳሳት ራሱን ብቻ ሳይሆን ሌላውንም ይጎዳል።

ተሳቢ ከመኪናው ጋር የተያያዘው በአንድ ነጥብ፣ ከመኪናው ጀርባ ባለው በጋንቾው ኳስ ላይ ነው። ክብደቱ ከጎማዎቹ ወደ ፊት ካደላ ተሳቢው መኪናውን ተከትሎ ቀጥ ይላል። ወደ ኋላ ካደላ ግን ትንሽ ነፋስ ሲገፋው ጭራው ይወጣል፤ ሲመለስ ካለፈው ይበልጥ ይወጣል፤ በሦስተኛው መኪናውን ራሱን ይዞ ይወዛወዛል። ጦር አስቡ። ቀጥ ብሎ የሚሄደው ጫፉ ስለሚከብድ ነው። በኋላው በኩል የከበደ ጦር ቢወረወር አየር ላይ ይገለበጣል።

ልኩ ይሄ ነው፦ ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ወደ መኪናው በሚዘረጋው የተሳቢው አንገት ላይ ማረፍ አለበት። 350 ኪሎ ከሆነ ከ35 እስከ 52 ኪሎ ማለት ነው። ለመመዘን ልዩ ዕቃ አያስፈልግም። የመታጠቢያ ቤት ሚዛን አምጡ። በላዩ ላይ ግንድ ወይም ብሎኬት አድርጋችሁ ኳሱን የሚጎርሰውን የተሳቢውን አፍ መኪናው ላይ በሚውልበት ከፍታ ልክ አስቀምጡት። የግንዱን ክብደት ቀንሱ። በቃ። እኔ መጀመሪያ ስመዝን 14 ኪሎ ብቻ ሆነ። ለካ የቀድሞው ባለቤት ጀልባዋን በጣም ወደ ኋላ አስቀምጧት ነበር። ጀልባዋን ወደ ተሳቢው የሚስበውን የዊንች መቆሚያ ፈትቼ ወደ ፊት ገፋሁት። ጀልባዋም አብራ መጣች። የሸራውን ሣጥንም ከጎማው ፊት አደረግኩት። ሁለተኛ ስመዝን 41 ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከባድ መኪና ሲያልፈኝ ተሳቢው ትንሽ ይነቃነቃል እንጂ አይከራከረኝም።

ሚዛኑ ተስተካክሎም ፍጥነትና ነፋስ ሲገጣጠሙ መወዛወዝ ሊመጣ ይችላል። ያን ጊዜ ሰው በደመ ነፍስ ፍሬን ይረግጣል፤ መሪውንም ወዲያ ወዲህ ያደርጋል። ሁለቱም ያባብሱታል። ነዳጁን ቀስ አድርጋችሁ ልቀቁ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። መኪናው በራሱ ፍጥነቱን ይቀንስ። ሲረጋጋ ዳር ይዛችሁ ቁሙና ምን እንደተንቀሳቀሰ እዩ። እንዳይደገም ፍጥነት መቀነስ ብቻውን አይበቃም፤ ጭነቱ መስተካከል አለበት።

መጎተት ከመጀመራችሁ በፊት የመኪናችሁን መመሪያ መጽሐፍ ክፈቱ። የሐበሻ ቤት የማይታጡት ቶዮታ ሲዬናና ራቭፎር ይህችን ጀልባ መጎተት ይችላሉ፤ ልኩ ግን እንደ ዓመቱና እንደ ሞዴሉ ይለያያል። አንዳንድ ትንንሽ ሃይብሪዶች መመሪያቸው ጭራሽ አትጎትቱ ይላል። ታክሲ ወይም ኡበር የምትሠሩበት መኪና ከሆነ ኢንሹራንሱንም ጠይቁ።

ጋንቾው ላይ አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልናገር። ኳሱ ልኩ ይለያያል። 1 7/8 ኢንች አለ፣ 2 ኢንች አለ። የ2 ኢንች አፍ በ1 7/8 ኳስ ላይ ይገባል፤ ይቆለፋልም። የተያያዘ ይመስላል። ጉድጓድ ሲያገኝ ግን ዘሎ ይወጣል። ቁጥሩ ኳሱም ላይ አፉም ላይ ተቀርጿል፤ አንብቡት። ከቆለፋችሁ በኋላ የተሳቢውን አንገት በሁለት እጅ ወደ ላይ ሳቡ። የመኪናው ጀርባ አብሮ ከፍ ማለት አለበት። የደህንነት ሰንሰለቶቹን በአንገቱ ሥር አጣምራችሁ እሰሩ፤ የግራው ወደ ቀኝ፣ የቀኙ ወደ ግራ። ጋንቾው ቢፈታ አንገቱ አስፋልት ከመምታቱ በፊት ሰንሰለቱ እንደ አልጋ ጠፍር ይቀበለዋል።

መብራቱ አራት ሽቦ ነው። ነጩ መሬት (የኤሌክትሪኩ መመለሻ)፣ ቡናማው የጅራት መብራት፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው የቀኝ። መብራቱ እብድ ሲሆን፣ ፍሬቻ ስታበሩ ሁሉም ብልጭ ሲል፣ መጀመሪያ ነጩን እዩ። የታሰረበት ቡሎን ዝጎ ይሆናል። በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጉት።

አስተሳሰሩ ላይ ብዙዎች ጡንቻ ያበዛሉ። የሆቢ 16 ቀፎ ፋይበርግላስ ሲሆን በሁለቱ ንብርብሮች መካከል ፎም አለው። ቀላል የሆነችውም ለዚህ ነው። አንድ ቦታ ላይ ከባድ ጫና ካረፈበት ይለሰልሳል፤ ስትጫኑት እንደ ደረቀ እንጀራ የሚንኮሻኮሽ ቦታ ይፈጠራል። ስለዚህ ቀፎዎቹ የሚያርፉባቸው የሚሽከረከሩ የጎማ ድጋፎች ወይም ስፖንጅ የለበሱ መደገፊያዎች አግዳሚ ብረቶቹ በሚይዙበት አካባቢ መሆን አለባቸው። ሰፊ የማሰሪያ ቀበቶ ተጠቀሙ። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ራቼት፣ ማለትም እየቆለፈ የሚያጠብቅ መዘውር ያለውን ብትጠቀሙ ጀልባዋ መነቃነቅ ስታቆም አቁሙ። ከዚያ በላይ መጠምዘዝ ቀፎውን መጭመቅ ነው። ቀበቶው ሥር ንጹሕ ፎጣ አድርጉ፤ አሸዋ ከገባበት ሁለት ሰዓት ሙሉ ይፈገፍጋል። ቀበቶውን አንዴ ጠምዘዝ ብታደርጉት ነፋስ ላይ አይጮህም፣ አይርገበገብም። ጀልባዋ አፍንጫዋ ላይ በተለየ ገመድ ከዊንቹ መቆሚያ ጋር ትታሰር፤ ድንገት ፍሬን ስትይዙና ስትነሱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳትንሸራተት። የኋላ መሪዎቿን ፈትታችሁ መኪና ውስጥ አስገቡ። እየተንጠለጠሉ ከሄዱ በየጉድጓዱ ይናጣሉ።

ምሰሶው የራሱ ጣጣ አለው። 8 ሜትር ነው፤ ጀልባዋ 5 ናት። ሦስቱ ሜትር በፊትም በኋላም ይወጣል። በፊት በኩል በጣም ከወጣ ጠባብ መታጠፊያ ላይ የመኪናውን ጥግ ይመታል። የራቭፎር የኋላ በር ሲከፈትም ያገኘዋል። በኋላ በኩል ከወጣ ደግሞ ወደ ግራ ስትታጠፉ ጫፉ ወደ ቀኝ ይጠርጋል። ነዳጅ ማደያ ውስጥ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ እኔ የምመርጠው ዳር ያለውን ማደያ ነው። በብዙ ስቴቶች ጭነት ከኋላ ከ4 ጫማ በላይ ከወጣ ቀን ቀይ ጨርቅ፣ ማታ ቀይ መብራት ማንጠልጠል ግዴታ ነው። ባይወጣም ጨርቁን እሰሩ። የምሰሶ ጫፍ ከኋላ ላለ ሾፌር እንደ ነጥብ ነው የሚታየው፤ ርቀቱን አይነግረውም። ምሰሶውን በሁለቱ ጫፍና በመሃሉ እሰሩ። የብረት ገመዶቹን ሰብስባችሁ በየሜትሩ ከምሰሶው ጋር ጠቅልሉ። አንዷ ተፈትታ ከጎማው ጋር ብትጠላለፍ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ከዋሽንግተን አካባቢ ለምንነሳ ሰዎች አንዱ ቅርብ መውረጃ ሳንዲ ፖይንት ስቴት ፓርክ ነው። የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ከመድረሱ በፊት በስተግራ ታገኙታላችሁ። ወደ ዴላዌር፣ ወደ ሬሆቦት ቤይ የምትሄዱ ከሆነ ግን ድልድዩን መሻገር አለ። አንደኛው መንገድ በ1952፣ ሁለተኛው በ1973 ተከፈተ። 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። መሃሉ ላይ ከውሃው ከ55 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እዚያ ላይ የጎን ነፋስ መጠለያ የለውም። ነፋስ ሲበረታ ምልክቱ ላይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ባዶ ቀፎዎች ሰፊ ጎን አላቸው፤ ከሥራቸው ደግሞ አየር ይገባል። ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ሳንዲ ፖይንት ገብታችሁ ቆዩ። ለጀልባ ሸራ የበዛ ነፋስ ለተሳቢም በዝቷል።

ወደ ኋላ መንዳት ብዙዎችን ያስፈራል። አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። እጃችሁን የመሪው ታች ላይ አድርጉ። ተሳቢው ወደ ቀኝ እንዲሄድ ስትፈልጉ እጃችሁን ወደ ቀኝ አምጡት፤ ወደ ግራ ከሆነ ወደ ግራ። ቀስ በሉ። ከጠመመ ለማዳን አትታገሉ፤ ወደ ፊት ወጣ ብላችሁ ቀጥ አድርጉትና እንደገና ጀምሩ። ሰው ይጠብቅ። እሑድ ጠዋት ባዶ በሆነ ሰፊ ፓርኪንግ አንድ ሰዓት ብትለማመዱ ይበቃል።

ስትደርሱ ተሳቢውን ውሃ ውስጥ ባታስገቡት ጥሩ ነው። ካታማራን በዚህ ከሌላ ጀልባ ትሻላለች። ሰፋፊ ጎማ ያለው የአሸዋ ጋሪ ይሸጣል፤ ጀልባዋን ከተሳቢው ላይ ወደ ጋሪው አሸጋግራችሁ ሁለት ሰው እየገፋ ባሕር ያወርዳታል። ተሳቢው ደረቅ መሬት ላይ ይቀራል። የግድ ማስገባት ካለባችሁ ሞዞው እስኪበርድ ጠብቁ፤ የመብራቱን ሽቦም ከመኪናው ንቀሉ።

ምሰሶውን ከማቆማችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ሰማዩን እዩ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ምሰሶው አሉሚኒየም ነው። በላያችሁ የኤሌክትሪክ መስመር ካለ አንዱን ጫፍ የያዘው ሰው ያልቃል። ሰዎች በዚህ ሞተዋል። ሆቢ ከዚያ በኋላ የምሰሶውን የላይኛውን ክፍል ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፋይበር ቀይሮታል። ያ ግን የሚጠብቀው መስመሩ ያንን ክፍል ከነካ ብቻ ነው፤ ታችኛው አሁንም አሉሚኒየም ነው። የድሮ ጀልባ ከገዛችሁ ደግሞ እስከ ጫፉ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። ምሰሶውን ካቆማችሁ በኋላም ጀልባዋን ስትገፉ በመንገዳችሁ ላይ ሽቦ አለመኖሩን አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ ይይ።

ማታ ስመለስ ከሁሉ አስቀድሜ ሞዞዎቹን እነካለሁ። ከዚያ ተሳቢውን ከላይ እስከ ታች በንጹሕ ውሃ አጥባለሁ፤ ቼሳፒክ ለስለስ ይበል እንጂ ጨው ነው። ማሰሪያዎቹን አላላለሁ፤ ቀፎው ሳምንቱን ሙሉ ታንቆ እንዳያድር። መጨረሻ ላይ ሁለቱን ጎማዎች በአሮጌ የበር ምንጣፍ እሸፍናቸዋለሁ። ግቢዬ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይበዛበታል።